ጀልባዋ አልቃለች፣ ጨዋታው ግን አልተጀመረም

ባለፈው ክረምት፣ ሐዋሳ ላይ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ በሚበረታበት ሰሞን፣ አንድ ወጣት ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። ሊያሳየኝ የፈለገው አንዲት ጀልባ ነበር። ጠዋት ጠዋት ዓሣ ጭነው አሞራ ገደል ከሚደርሱት የእንጨት ጀልባዎች አንዷን በኮምፒውተር ሠርቷታል። ፋይሉ እስኪከፈት ጥቂት ጠበቅን። ከዚያ ጀልባዋ ባዶ ግራጫ ቦታ ላይ ቀስ እያለች ዞረች። ሚስማሮቹ ዝገዋል፤ ዝገቱም በውሃ ታጥቦ ሳንቃው ላይ ቁልቁል ወርዷል። ሰማያዊው ቀለም መቅዘፊያው በሚፋተግበት በኩል ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ወለሉ ላይ ሁለት ሦስት የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊቶች ተጣብቀው ቀርተዋል። ቅርፊቶቹን ሳይ ልቤ ተነካ። ይህን ያስተዋለ ዓይን የሠሪ ዓይን ነው።

«ስድስት ወር ፈጀችብኝ፣ ጋሼ» አለኝ።

«ጨዋታውስ?»

«እሱን ገና አልጀመርኩትም። መጀመሪያ ሞዴሎቹ ይለቁ ብዬ ነው።»

ይህን መልስ ባለፉት ዓመታት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አንዱ የጥንት ቤተ መንግሥት ከነድንጋዩ ስንጥቅ ሠርቶ አሳይቶኛል። አንዷ የእንሰት ጓሮ ከነቅጠሉ ሠርታ አምጥታለች። ሌላው ጦርና ጋሻ የያዘ ጀግና ጠጉሩን ዘለላ በዘለላ ቀርጿል። ሥራዎቹ ያኮራሉ። ነገር ግን አንድም ሰው ቁጭ ብሎ ሊጫወተው የሚችል ነገር የለም። ወራት ባለፉ ቁጥር ፋይሉ ይከብዳል፣ ኮምፒውተሩ ይዝላል፣ ወጣቱም ወይ ሌላ ሥራ ያገኛል ወይ ተስፋ ይቆርጣል። በመጨረሻ የሚተርፈው በቴሌግራም ለጓደኛ የሚላክ አንድ ቆንጆ ሥዕል ነው።

ይህ የሚሆነው ልጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ ወይም ችሎታ ስላነሳቸው ነው ብዬ አላምንም። ባለ ሦስት አውታር (3D) ሞዴል መሥራትን የተማርነው ከሌላ ሙያ ነው፤ የዚያን ሙያ መለኪያ ይዘን ወደ ጌም ስንገባ መለኪያው ይጥለናል። ነገሩን በዝርዝር ለማስረዳት የምሞክረው ራሴም በዚያ ሙያ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ነው።

መሣሪያው ከተገኘ ቆይቷል

መጀመሪያ አንድ ሰበብ ከመንገድ ላንሣ። «ሶፍትዌሩ ውድ ነው» የሚለው ቃል ዛሬ አይሠራም። አብዛኞቹ ወጣቶቻችን የሚጠቀሙበት ብሌንደር ታሪኩ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። ሶፍትዌሩን የጀመረው ሆላንዳዊው ቶን ሮዘንዳል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የሶፍትዌሩ ባለቤት የነበረው ኩባንያ ሥራ ሲያቆም፣ ብሌንደር አብሮ እንዳይቀበር ሮዘንዳል ከባለሀብቶቹ ጋር ተስማምቶ ከተጠቃሚዎች 100,000 ዩሮ ለመሰብሰብ ተነሣ። ገንዘቡ በ7 ሳምንት ሞላ። ከዚያ ወዲህ ብሌንደር ለማንም ክፍት፣ ለማንም ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የኦስካር ሽልማት ያገኘው የላትቪያ የአኒሜሽን ፊልም የተሠራው በዚሁ ነፃ ሶፍትዌር ነው።

ሞዴሉ ወደ ጨዋታነት የሚለወጥበት ኢንጂንም እንዲሁ ሞልቷል። ጎዶት የተባለውን ኢንጂን የጀመሩት ሁዋን ሊኒየትስኪና አሪኤል ማንዙር የተባሉ ሁለት አርጀንቲናውያን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ኮዱን ለዓለም ከፍተው ለቀቁት። በሠራኸው ጨዋታ ሚሊዮን ብታገኝም አንድ ሳንቲም አይጠይቅህም። አንሪል የተባለው ሌላ ኢንጂን ከጨዋታው የሚገኘው ገቢ 1 ሚሊዮን ዶላር እስኪያልፍ ድረስ ምንም አያስከፍልም፤ ከዚያ በላይ ካለው 5 በመቶ ይወስዳል። ሦስተኛው ኢንጂን ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ጨዋታው በተጫነ ቁጥር ክፍያ ልጠይቅ ነው ብሎ ከመላው ዓለም ተቃውሞ ገጠመው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ ተወው። በዚያ መሐል ብዙ ገንቢዎች ወደ ጎዶት ፈለሱ። እኔም ለወጣቶች የምመክረው ጎዶትን ነው። ምክንያቴ ቀላል ነው፦ አንሪልን ለመጫን በአሥር የሚቆጠር ጊጋባይት ማውረድ ያስፈልጋል፣ የጎዶት ዋና ፕሮግራም ግን 100 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ታቦር ክፍለ ከተማ ያለ ልጅና አምስተርዳም ያለ ባለሙያ በእጃቸው የያዙት መሣሪያ አንድ ነው። የማሽናቸው ጉልበት ይለያያል፤ ሶፍትዌሩ ግን ያው ነው።

ከሕንፃ ሥዕል የወረስነው ልማድ

ሐዋሳ ውስጥ በባለ ሦስት አውታር ሞዴል እንጀራ የሚበላ ሰው ማን ነው? በአብዛኛው የሕንፃ ሥዕል የሚሠራ ሰው ነው። ሆቴል ሊገነባ ያሰበ ባለሀብት መሠረት ከማውጣቱ በፊት ሕንፃው ሲያልቅ የሚመስለውን ያሠራል፤ ሥዕሉ በትልቁ ታትሞ ግንባታው አጥር ላይ ይሰቀላል። እኔም ለዓመታት የኖርኩት በዚህ ነው። በዚህ ሥራ ዝርዝር ነገር ገንዘብ ነው። ደንበኛው እብነ በረዱ ሲያንጸባርቅ፣ መስተዋቱ ላይ የዘንባባው ጥላ ሲያርፍ ማየት ይፈልጋል። አንዷን ሥዕል ለማውጣት ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ ቅር የሚለው የለም። ጠዋት ተነሥተህ ታየዋለህ፣ ታስረክባለህ።

ጌም ይህን ሕግ ይገለብጠዋል። እንቅስቃሴው ለዓይን እንዲሰምር ስልኩ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሥዕል መሣል አለበት። ለአንዱ ሥዕል የሚተርፈው ጊዜ 33 ሚሊሰከንድ ነው፤ 60 ሥዕል ከተፈለገ ደግሞ ከ17 ሚሊሰከንድ በታች ይወርዳል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ የተጫዋቹ ጣት የት እንዳረፈ ማወቅ፣ ወፏ የት እንደደረሰች ማስላት፣ ድምፁን ማሰማት፣ ከዚያም ሁሉን ነገር እንደ አዲስ መሣል አለበት። በሕንፃ ሥዕል አንድ ሌሊት የተሰጠው ሥራ እዚህ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ ጊዜ አይሰጠውም።

ሞዴል ማለት ልብሱን ሲያወልቁት የነጥቦች ስብስብ ነው። ነጥብና ነጥብ በጠርዝ ይያያዛሉ፣ ጠርዞች ገጽ ይሠራሉ፣ ገጾቹም ሁሉ በመጨረሻ ወደ ሦስት ማዕዘን ተቆራርጠው ለስልኩ ግራፊክስ ይሰጣሉ። የዚያች ጀልባ ሦስት ማዕዘኖች ሲቆጠሩ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ሚስማሮቹ ብቻ 300 ነበሩ፤ አንዱ ሚስማር 400 ሦስት ማዕዘን ይዟል። ለሚስማር ብቻ 120,000 ማለት ነው።

ቀለሙን ለማልበስ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ባለሙያዎች ዩቪ ይሉታል። በግ ሲታረድ ቆዳው ከሆዱ በኩል ተቀዶ እንደሚገፈፍና መሬት ላይ ተወጥሮ እንደሚቸነከር ያለ ነገር ነው። የጀልባዋ ላይኛ ገጽ በተመረጠ ቦታ ተቀዶ ይገፈፋል፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል፣ ቴክስቸር የሚባለው ሥዕል እዚያ ላይ ይሣላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይለበሳል። ገፋፊው ቢላውን ያለቦታው ካሳረፈ ቆዳው እንደሚበላሽ ሁሉ፣ ቅዱ ያለቦታው ከዋለ ሥዕሉ ይጨማደዳል ወይም ስፌቱ ይታያል።

የቴክስቸሩ ስፋት ሜሞሪ ይበላል፤ ይህን በጣት ማስላት ይቻላል። በጎኑ 1024 ነጥብ ያለው ሥዕል ሳይታመቅ 4 ሜጋባይት ይይዛል። ጎኑ እጥፍ ሲሆን ሜሞሪው አራት እጥፍ ነው፦ 2048 ሲሆን 16፣ 4096 ሲሆን 64 ሜጋባይት። ወጣቱ ለጀልባዋ አራት ባለ 4096 ሥዕሎች ተጠቅሟል። 256 ሜጋባይት ለአንዲት ጀልባ! ስልኮች የሚያውቋቸው የማመቂያ መንገዶች ይህን ወደ ሩቡና ከዚያም በታች ያወርዱታል፤ ሐይቁ፣ ዳርቻው፣ ዛፉ፣ ሰዉና ወፉ ግን ገና አልተጨመሩም።

የጎረቤት ልጅ ስልክ ተውሰን ጀልባዋን ጫንባት። 3 ጊጋባይት ራም ያላት፣ መስታወቷ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ፣ በየሰፈሩ የምትታይ ዓይነት ስልክ ናት። ጀልባዋ ብቅ ስትል ደስ አለን። ወዲያው እየተቆራረጠች መዞር ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ የስልኳ ጀርባ እንደ ጀበና ጋለ፤ ከዚያ ፕሮግራሙ ራሱን ዘጋ። ወጣቱ ስልኳን ዝም ብሎ ይዟት ቆየ። እኔም የምለው ጠፋኝ።

ሣጥን፣ ኳስና ቁልል

የስድስት ወር ሥራ ግን ከንቱ አልቀረም። ለዚህ ችግር የጌም ሠሪዎች መፍትሔ የቆየና የታወቀ ነው። በዝርዝሯ ጀልባ አጠገብ ቅርጿ ብቻ የተያዘ፣ ሚስማር የሌላት ሌላ ቀላል ጀልባ ይሠራል፤ የእኛዋ 1,600 ሦስት ማዕዘን ወሰደች። ቀጥሎ ብሌንደር የትልቋን ጀልባ ገጽ እያነበበ እያንዳንዱ ቦታ ወደ የት እንዳዘነበለ በቀለም መልክ ሥዕል ላይ ይጽፋል። ይህ ሥዕል ኖርማል ማፕ ይባላል። ቀላሏ ጀልባ ይህን ስትለብስ ብርሃኑ ሚስማር ያለ ይመስል ያርፍባታል። ቅርፊቶቹም ሳይቀሩ ታዩ።

ሌላም ነገር አስተካከልን። ጀልባዋ ላይ 11 የተለያዩ ማቴሪያሎች ነበሩ፦ ለእንጨቱ አንድ፣ ለቀለሙ አንድ፣ ለገመዱ አንድ፣ እንዲህ እያለ። እያንዳንዱ ማቴሪያል ለግራፊክስ ክፍሉ ለብቻው የሚላክ ትእዛዝ ነው። ልጅን ለስኳር አንዴ፣ ለጨው አንዴ፣ ለሻይ ቅጠል አንዴ ሱቅ እንደ መላክ ነው፤ ዕቃው ሳይሆን ምልልሱ ያደክመዋል። ሁሉን በአንድ ሥዕል ላይ አሰባስበን በአንድ ትእዛዝ እንዲሄድ አደረግነው።

ይህ ሁሉ ግን ቴክኒክ ነው፤ በኢንተርኔት ማንም ሊማረው ይችላል። ከባዱ ቀጥሎ የመጣው ነው። «አሁን ጀልባዋን ተዋት፤ በቦታዋ ሣጥን አስቀምጥ» አልኩት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ዓሣው ኳስ ይሁን፣ ዓሣ የሚነጥቀው ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ ሾጣጣ ቁልል ይሁን፣ ሐይቁ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይሁን አልኩት። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሰብስቦ ወደ ዳር ይቀዝፋል፤ ዳር ላይ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች ሳይነጥቁት ዓሣውን ያወርዳል። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሣጥኑ፣ ኳሱና ቁልሉ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ለዓይን አስቀያሚ ነበር። ሆኖም ጨዋታ ነበር።

ለሰፈር ልጆች ሰጠናቸው። አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስልኩን ተቀበለችና ጥቂት ከቀዘፈች በኋላ ዓሣ ማጥመዱን ተወችው። ትንንሾቹን ኳሶች ወደ አንድ ጥግ እየወረወረች ቁልሎቹን ሁሉ ወደዚያ ሰበሰበች፤ ከዚያ ትልልቆቹን ኳሶች በሌላው በኩል ያለ ሥጋት አወረደች። ወጣቱ ይህን አላሰበውም። ኮዱ ውስጥ ወፎቹ ቅርብ ወዳለ ዓሣ እንዲሄዱ ብቻ ጽፎ ነበር። ልጅቷ ግን አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች ሆድ ዕቃውን ወርውረው ወፉን ከፊታቸው ሲያርቁ አይታለች፤ ያየችውን አደረገች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታው ይኸው ሆነ፦ ለአባ ኮዳው ምን ትጥልለታለህ፣ ለራስህስ ምን ታስቀራለህ?

ይህ ግኝት ሞዴሎቹንም ለወጠ። ወፎቹ ከየት እንደሚመጡ ለማየት ካሜራው ወደ ኋላ ርቆ ዳርቻውን በሙሉ ማሳየት ነበረበት። ካሜራው ሲርቅ ጀልባዋ ስክሪኑ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር አከለች። ሦስት መቶው ሚስማር የለም፤ ዝገቱ የለም፤ ቅርፊቶቹም የሉም። ሣጥኑ ስድስት ወር ቀድሞ ቢሠራ ኖሮ ይህ በዘጠነኛው ቀን ይታወቅ ነበር። ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። እኔም በእሱ ዕድሜ ብሆን ጀልባዋን አስቀድም ነበር፤ እጃችን የለመደው ያንን ነውና።

ሞዴል የማሳመር ጉጉቱ ግን ቦታ አገኘ። ተጫዋቹ ዓይኑን የሚጥለው አባ ኮዳው ላይ ስለሆነ ድካሙ ወደዚያ ዞረ። ወጣቱ ለሁለት ሳምንት ማለዳ እየተነሣ አሞራ ገደል ሄደ፤ ወፎቹን በስልኩ ቀረጸ። አባ ኮዳ ሲራመድ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደሚሄድ ሽማግሌ ነው። ራሰ በራ ነው፣ አንገቱ ሥር ከረጢት ይንጠለጠላል፣ ሲቸኩል እንኳ የቸኮለ አይመስልም። ዓሣ ሲወረወር ግን አንገቱ በቅጽበት ይፈተለካል። ይህን ለማምጣት ሞዴሉ ውስጥ አጥንት ይገባል፤ ሪጊንግ የሚባለው ሥራ ነው። ለእግር፣ ለክንፍ፣ ለአንገትና ለከረጢቱ ጭምር በድምሩ 24 አጥንት አስገባ። የወፉ ሰውነት 2,000 ሦስት ማዕዘን አይሞላም፤ አካሄዱን ግን ሐዋሳ ያደገ ሰው ከሩቅ ይለየዋል።

ከእኛ በፊት የተጓዙ አፍሪካውያንም ያለቀ ነገር ያሳዩት ሐሳባቸውን በልኩ ቆርጠው ነው። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ኩኩሉ» ከአሳዳጇ የምትሸሽ አንዲት ዶሮ ነች፤ ሩጫው በባለ ሦስት አውታር የተሠራ ነው፣ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ ደግሞ ያውንዴ ላይ ሆኖ፣ መብራት እየጠፋበት፣ በአፍሪካ ትውፊት ላይ የተመሠረተ ሰፊ የጀብዱ ጨዋታ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታዎች መሸጫ መድረክ ለሽያጭ አቅርቧል። ያ ሰፊ ዓለም ግን በባለ ሁለት አውታር ሥዕል የተሠራ ነው። ቡድኑ ከሐሳቡ ስፋት ሳይቀንስ የሥዕሉን ሸክም አቀለለ።

መብራትን ካነሣሁ አይቀር፣ በእኛም ከተማ ፋይል እየሠሩ መብራት ሲጠፋ ያላዘነ የለም። ብሌንደር ራሱ በየ2 ደቂቃው በጊዜያዊ ቦታ ቅጂ ያስቀምጣል፤ ሲያስቀምጡም የቀደመውን ፋይል በስሙ መጨረሻ 1 ቁጥር ጨምሮ ያቆየዋል። ብዙ ልጆች ይህን ሳያውቁ የጠፋባቸውን ሥራ እንደገና ይሠራሉ። ጊት የተባለውን የሥራ መዝገብ ቀድሞ መልመድም ከብዙ ዕንባ ያድናል።

ፊደላችን ሣጥን ሲሆን

ጨዋታው መልክ ሲይዝ «ጀምር» የሚል ቁልፍ ተጻፈ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ሦስት ባዶ ሣጥን ነበር። ይህ ብዙ ኢትዮጵያዊ ገንቢ የገጠመው ነገር ይመስለኛል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ ከገባ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው እትም ይዞታል። ችግሩ ኢንጂኖቹ አብረው የሚያመጡት ፎንት ፊደላችንን አለመያዙ ነው። መፍትሔው አያስቸግርም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባሉት ነፃ ፎንቶች ፕሮጀክቱ ውስጥ ይጨመራሉ። ፊደላችን እንደ ዓረብኛ እርስ በርሱ ስለማይያያዝ፣ ከግራ ወደ ቀኝም ስለሚጻፍ ከዚህ ያለፈ ጣጣ የለውም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ አንዳንድ ኢንጂን ፊደላቱን ሁሉ አንድ ሥዕል ላይ ቀድሞ ይደረድራል። ላቲን በመቶ ምልክት ሲበቃው እኛ ከ300 በላይ እንፈልጋለን፤ ስለዚህ ያ ሥዕል ሰፋ ተደርጎ መዘጋጀት አለበት።

ሐዋሳ ላይ የሚሠራ ጨዋታ የሲዳማንም ቋንቋ ቢናገር እንዴት ደስ ይለኛል። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ከፎንት በኩል ምንም አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ጽሑፎቹን ከኮዱ ለይቶ በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ነው። ይህ ከመጀመሪያው ቀን ከተደረገ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በመጨረሻ ከተጀመረ ግን ሳምንታት ይበላል።

ገንዘቡ በየት በኩል ይመለሳል?

ጨዋታ ሠርቶ መጨረስ አንድ ነገር ነው፤ ከእሱ መኖር ሌላ። እዚህ ላይ ሒሳቡን ፊት ለፊት ማየት ያስፈልጋል። ጎግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ አንዴ 25 ዶላር ይከፈላል። አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠይቃል። ስቲም ለእያንዳንዱ ጨዋታ 100 ዶላር ያስከፍላል፤ ጨዋታው 1,000 ዶላር ካስገባ ይመልሰዋል። ኢች የተባለው መድረክ ለመመዝገብ ምንም አይጠይቅም፤ ከሽያጩ የሚወስደውን ድርሻ እንኳ ሻጩ ራሱ እንዲወስን ይፈቅዳል። ለመጀመሪያ ሥራ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

እነዚህ ክፍያዎች በብር ሲታዩ ሌላ መልክ አላቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን እስከ ተደረገበት ቀን ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። የስቲም ክፍያ በዚያ ሒሳብ 5,700 ብር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የሚከፍለው ይከብደዋል፤ በአንጻሩ በዶላር የሚሸጠው ከበፊቱ የተሻለ ብር ያገኛል። በደመወዝ የሚተዳደር ወላጅ ያለው ልጅ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ክፍያውን ነው፤ ሽያጩ ምናልባት ከዓመት በኋላ ይመጣል።

የሽያጩም ሒሳብ ቢታወቅ ይሻላል። ጨዋታው ስቲም ላይ በ5 ዶላር ተሸጠ እንበል። ስቲም 30 በመቶ፣ ማለትም 1.50 ዶላር ይወስዳል። 3.50 ይቀራል። ገዢው አሜሪካ ያለ ከሆነ፣ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት ከዚህ ላይ ደግሞ 30 በመቶ ግብር ይቀነሳል፤ 1.05 ዶላር ማለት ነው። ለሠሪው የሚደርሰው 2.45 ዶላር ነው። ተመላሽና የባንክ ወጪ ገና አልተነሣም። ስምምነት ባለበት አገር የሚኖር ሰው ግን ይህን ግብር ቀንሶ ወይም ጨርሶ ሳይከፍል ሊያልፍ ይችላል። ይህን የሚያስተካክለው መንግሥት እንጂ ገንቢው አይደለም። ስለ ዲጂታል ኢኮኖሚ በየመድረኩ በሚነገርበት በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ጠረጴዛ ላይ መቅረብ አለበት ብዬ እሟገታለሁ።

«የአገር ውስጥ ሰው ለጌም አይከፍልም» የሚለውን አባባል ግን አልቀበለውም። ልጆች በሰዓት ከፍለው የሚጫወቱባቸውን የፕሌይስቴሽን ቤቶች እናውቃቸዋለን። ከዚያ በፊት ለጆተኒ ሳንቲም እየከፈልን አድገናል። ለጨዋታ መክፈል አዲስ ነገር ሆኖብን አያውቅም። አዲሱ ነገር በስልክ መክፈል ነበር፤ እሱንም ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በየጉልቱ አስለምዶታል። በትንሽ ብር፣ በቀላሉ፣ ከአገር ሳይወጣ የሚከፈልበት ጨዋታ ገና በደንብ አልተሞከረም።

ስለ ሥልጠናም አንድ ቃል ልበል። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በ2016 ዓ.ም. ሲጀመር ፕሮግራሚንግን፣ ዳታንና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ይዞ መጣ፤ ጥሩ ነው፣ የሰፈሬ ልጆችም ተጠቅመውበታል። ሞዴል የሚሠራውና ኮድ የሚጽፈው የሚገናኙበት ቦታ ግን አሁንም የለም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሥነ ሕንፃው ተማሪ በአንድ ክፍል፣ የኮምፒውተር ሳይንሱ ተማሪ በሌላ ክፍል ሆነው አራት አምስት ዓመት ያሳልፋሉ። አንደኛው ጀልባዋን መሥራት ይችላል፣ ሌላው ማንቀሳቀስ ይችላል። ቅዳሜ ከሰዓት የሚከፈት አንድ ክፍል፣ ጥቂት ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ኮምፒውተሮችና ባትሪ ቢኖር ለመጀመር ይበቃል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለአንድ ስብሰባ አዳራሽና ምሳ ከሚወጣው አይበልጥም።

ጨዋታው እስካሁን አላለቀም። ሣጥኑ ወደ ጀልባ፣ ቁልሉ ወደ አባ ኮዳ ተለውጧል፤ ሐይቁ ግን ገና ጠፍጣፋ ነው፣ ከበስተጀርባ ያለው የታቦር ተራራም አንድ አረንጓዴ ጉብታ ነው። ባለፈው ወር አንድ እሑድ ጠዋት ከወጣቱ ጋር አሞራ ገደል ሄድንና ስልኩን መረቡን ለሚያስተካክሉ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሰጠናቸው። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ተቀበሉ። ወጣቱ ሚስማሮቹን እንዲያዩለት ካሜራውን ወደ ጀልባዋ አቀረበ። እሳቸው ግን መቅዘፉን ቀጠሉ። ዳር ሲደርሱ ዓሣውን አወረዱና ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙት።

«ልጄ፣ ዓሣው ወርዷል አይደል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ ጀልባዋ ለምን ከፍ አላለችም? ባዶ ጀልባ እንዲህ ውሃ ውስጥ አትገባም።»

ወጣቱ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ከፈተ።